ዲዛይን በቪዲዮ ጥሪ፦ መምህሯ አዲስ አበባ፣ ተማሪዎቹ ቦንጋ

ከቦንጋ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደርሶ በጅማ በኩል የተሳፈረ ሰው ቀኑን በመንገድ ይጨርሰዋል። ልጅዎ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ «የልብስ ዲዛይን መማር እፈልጋለሁ» ስትልዎ ቀድሞ የሚታይዎት ይኸው መንገድ ነው። ከመንገዱ ቀጥሎ የቤት ኪራዩ ይመጣል፤ ከኪራዩ ቀጥሎ ደግሞ «ማን ጋ ትቀመጣለች? ማንስ ያያታል?» የሚለው የእናትና የአባት ጭንቀት።

ጭንቀቱ ያለምክንያት አይደለም። በአገራችን ዲዛይን በወጉ የሚያስተምሩ ተቋማት ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም ከካፋ ይርቃሉ። ሰዓሊ አለ ፈለገሰላም የመሠረቱት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ያለው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ሳራ መሐመድ ያቋቋመችው የፋሽን ዲዛይን ኮሌጅም እዚያው አዲስ አበባ ነው። በፋሽን ዲዛይን ዲግሪ የሚሰጠውን የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፍለጋ ደግሞ ባሕር ዳር ድረስ መሄድ ግድ ይላል። ቦንጋ የራሷ ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ኮሌጅ አላት፤ ከ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጀምሮም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት። ይሁንና ፓተርን መቁረጥ ወይም ቀለም ማዋሐድ መማር የምትፈልግ ልጅ ጓዟን መሸከፏ አልቀረም።

ሌላው መንገድ በቪዲዮ ጥሪ በቡድን የሚሰጥ ትምህርት ነው። አምስት ስድስት ተማሪዎች ይሰባሰባሉ፣ አንዲት ዲዛይነር አዲስ አበባ ሆና በሳምንት ሁለት ቀን ታስተምራለች፣ ክፍያው በቴሌብር ይላካል። ሲነገር ቀላል ነው። ብዙ ቤተሰብ ግን ገንዘቡን ከፍሎ በሦስተኛው ሳምንት ይሰለቻል። እንደ እኔ አስተያየት ጥፋቱ የመምህሯ ዕውቀት ማነስ ወይም የልጅቷ ስንፍና የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ድምፁ ይቆራረጣል፣ መርፌው አይታይም፣ ፓኬጁ በመሃል ያልቃል፣ ግማሹ ተማሪ በተሳሳተ ሰዓት ይገባል። እነዚህ ሁሉ ግን ከመጀመሪያው ትምህርት በፊት፣ በአንድ ከሰዓት ሊስተካከሉ የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

መተግበሪያው የቱ ይሁን?

ስለ ዙም አንድ ታሪክ ላጫውትዎ። ኤሪክ ዩዋን የተባለው ቻይናዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የኮሌጅ ተማሪ ነበር። የሚወዳት ልጅ ሩቅ ከተማ ነበረችና እሷን ለማየት አሥር ሰዓት በባቡር ይጓዝ ነበር። በዚያ ጉዞ ላይ ነው «ሳልሄድ ፊቷን የማይበት መሣሪያ ቢኖር» ብሎ ማሰብ የጀመረው። ልጅቷን አገባት። አሜሪካ ለመግባት ስምንት ጊዜ ቪዛ ተከልክሎ በዘጠነኛው ተሳካለት፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ዙምን መሠረተ። የቦንጋን የአውቶቡስ ጉዞ ለሚያውቅ ሰው ይህ ታሪክ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ዙም እኛም ቤት የገባው በኮሮና ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በዚያው ወር በዓለም ዙሪያ በዙም ስብሰባ የሚገባው ሰው በቀን ከ200 ሚሊዮን አለፈ፤ ከሦስት ወር በፊት ቁጥሩ 10 ሚሊዮን ገደማ ነበር።

ለዲዛይን ትምህርት ዙምን የምመርጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ መምህሯ በላፕቶፕና በስልክ በአንድ ጊዜ ገብታ ፊቷንም እጇንም ማሳየት ትችላለች። ሁለተኛ፣ በስክሪኑ ላይ የወጣው ሥዕል ላይ ሁሉም ሰው በጣቱ ወይም በማውስ መሥመር ማስመር ይችላል። «አንገቱ እዚህ ጋ ይጥበብ» ከማለት ይልቅ በቀይ ማስመር ስንት ቃል እንደሚያስቀር ሲሞክሩት ያዩታል። ነፃው ዙም 100 ሰው ያስገባል፤ ሆኖም የቡድን ስብሰባው በ40ኛው ደቂቃ ይቋረጣል። የሚከፈልበትን ለመግዛት በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ስለሚጠይቅ ለብዙዎቻችን አይመችም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከፍሎ ካልረዳ በቀር ነፃው ይበቃል። እንዲያውም 40 ደቂቃው ለዲዛይን ትምህርት የተመቸ ይመስለኛል። መምህሯ በ40 ደቂቃ ታሳያለች፣ ተማሪዎቹ ጥሪው ተዘግቶ ለግማሽ ሰዓት በእጃቸው ይሠራሉ፣ ከዚያ በሌላ ሊንክ ተመልሰው ገብተው የሠሩትን ያሳያሉ። ሁለቱም ሊንክ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ከተላከ ማንም አይደናገርም።

ጉግል ሚት በነፃ እስከ 60 ደቂቃ ያስኬዳል፤ ጂሜይል ላለው ሰው አገባቡም ቀላል ነው። ቴሌግራም ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በግሩፕ ውስጥ ቪዲዮ ጥሪና ስክሪን ማጋራት አለው፤ ሰዓት አይቆርጥም፣ በሁሉም ሰው ስልክ ላይም አለ። ድክመቱ በሥዕሉ ላይ አብሮ ማስመር አለመቻሉ ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር ትምህርቱ በዙም፣ የቤት ሥራው፣ ፎቶውና ማስታወቂያው በቴሌግራም ግሩፕ እንዲሆን ነው። አንዱ ባይሠራ ሌላው ይኖራል። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ቴሌግራምና ሌሎች ማኅበራዊ መገናኛዎች ለወራት ተገድበው እንደነበር ያስታውሳሉ። በአንድ መተግበሪያ ብቻ የተንጠለጠለ ክፍል እንዲህ ባለ ጊዜ ይበተናል።

ፓኬጁ ስንት ይበላል?

የቤቱን በጀት የሚያወጡት እርስዎ ከሆኑ ይህን ክፍል ረጋ ብለው ያንብቡት። ዙም ራሱ ባወጣው መመዘኛ መሠረት፣ በቡድን ጥሪ ጥራት ያለው ቪዲዮ ለመላክ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት፣ ለመቀበል 600 ኪሎ ቢት ያስፈልጋል። ወደ ፓኬጅ ቋንቋ ስንመልሰው ካሜራዋን ከፍታ የምትማር አንዲት ተማሪ በሰዓት 720 ሜጋ ባይት ገደማ ትጨርሳለች። «ኤችዲ» የሚለው ምርጫ ከተከፈተ ደግሞ ነገሩ በሰዓት ወደ 2 ጊጋ ባይት ይጠጋል። በሌላ በኩል ሥዕል ብቻ በስክሪን ሲጋራ የሚፈልገው ከ50 እስከ 75 ኪሎ ቢት፣ ድምፅ ደግሞ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ቢት ነው። የሁሉም ካሜራ ተዘግቶ ስክሪንና ድምፅ ብቻ ከሆነ በሰዓት ከ70 እስከ 110 ሜጋ ባይት ይበቃል ማለት ነው።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ሁለት የ40 ደቂቃ ጥሪ ቢኖር በወር ወደ 11 ሰዓት ይመጣል። ካሜራ ሁልጊዜ ክፍት ከሆነ በአንድ ተማሪ ወደ 8 ጊጋ ባይት፣ በስክሪንና በድምፅ ብቻ ከሆነ 1 ጊጋ ባይት ገደማ። ልዩነቱ ትምህርቱን መቀጠልና ማቋረጥ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ዙም ውስጥ «ሴቲንግስ» ገብተው፣ «ቪዲዮ» የሚለውን ከፍተው «ኤችዲ» የሚለውን ያጥፉ። ተማሪዎች ሰላምታ እስኪለዋወጡ ካሜራቸውን ይክፈቱ፤ መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት መተያየታቸው ለፍቅርም ለትጋትም ይጠቅማል። ከዚያ ይዘጋ። ፓተርኑና ሥዕሉ በቴሌግራም አስቀድሞ ይላክ፤ ሲላክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን። ቴሌግራም ፎቶን ያሳንሰዋልና ቀጫጭኑ መሥመርና የሴንቲ ሜትሩ ቁጥር ይደበዝዛል፤ ፋይል ግን እንዳለ ይደርሳል።

ከሁሉም የሚያዋጣው ግን መሰብሰብ ነው። የአንድ ሠፈር አምስት ተማሪዎች በአምስት ስልክ ከሚማሩ በአንድ ሳሎን፣ በአንድ ላፕቶፕ ቢማሩ ፓኬጁ ለአምስት ይካፈላል። በአንዷ የስፌት መኪና አምስቱም ይለማመዳሉ፤ መምህሯ የተናገረችው ያመለጣት ልጅም ጎረቤቷን ትጠይቃለች። ቤቱን በተራ ማድረግ ይቻላል። አስተናጋጇ ቤት ቡና መፈላቱ አይቀርም፤ ካፋ ውስጥ ያለ ቡና መሰብሰብ ማን ያውቃል! ጭሱ ለካሜራው ግድ የለውም፤ የሙቀጫው ድምፅ ግን ለ40 ደቂቃ ይታገሥ።

አንድ ክፍል፣ አንድ ድምፅ

አብረው የተቀመጡ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚገጥማቸው ችግር ጩኸት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ስልክ ወደ አንድ ጥሪ ከገቡ የአንዱ ድምፅ ማጉያ በሌላው ማይክ እየገባ ጆሮ የሚበጣ ፉጨት ይፈጥራል። ደንቡ አጭር ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ድምፅ የሚያወጣውም የሚቀበለውም አንድ መሣሪያ ብቻ ይሁን። ሌሎቹ ስክሪኑን በቅርብ ለማየት በየስልካቸው መግባት ከፈለጉ ሲገቡ «ጆይን ኦዲዮ» የሚለውን አይንኩ። «ሚዩት» ማድረግ ማይኩን ብቻ ነው የሚዘጋው፤ ድምፅ ማጉያው ክፍት ስለሆነ የመምህሯ ንግግር በገደል ማሚቶ ይደጋገማል።

ሁለተኛው የቦንጋ ዝናብ ነው። ካፋ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት አገር ነው፤ የዝናቡ ወቅትም ከሌላው የአገራችን ክፍል ይረዝማል። ጫካው፣ ቡናው፣ ማሩ፣ ኮረሪማው ሁሉ በዚህ ዝናብ የመጣ በረከት ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለተቀመጠ ማይክ ግን በረከቱ ከበሮ ነው። ኮርኒስ ያለው ክፍል ካለ ትምህርቱ እዚያ ይሁን። ከሌለ የምትናገረው ልጅ ማይክ ያለው ማዳመጫ ትሰካና ማይኩን ወደ አፏ ታስጠጋ፤ ላፕቶፕ ላይ ያለው ማይክ ከአፍ ስለሚርቅ ጣሪያውንም እኩል ይሰማል። ዙም ውስጥ «ኦዲዮ» የሚለው ክፍል የጀርባ ድምፅ የሚቀንስ ምርጫ አለው፤ «ሃይ» ላይ ያድርጉት። ዶፍ ሲወርድ ደግሞ ጥያቄው በቻት ይጻፍ። የቻቱ ሌላ ጥቅም፣ በአማርኛ መናገር የምታፍር አፍ መፍቻዋ ካፊኖኖ የሆነ ልጅ ሐሳቧን አስባ ለመጻፍ ጊዜ ማግኘቷ ነው።

ፊቷን ሳይሆን እጇን

ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ፊቱ ከታየ ይበቃል። ዲዛይን ግን የእጅ ትምህርት ነው። የመምህሯን ፊት ለ40 ደቂቃ ያየች ተማሪ ፈገግታዋን እንጂ መቀሱ በየት በኩል እንደገባ አታውቅም። መምህሯን ስታነጋግሩ መጀመሪያ የሚጠየቀው «እጅሽን በየትኛው ካሜራ ታሳዪናለሽ?» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሌላት መምህር ገና አልተዘጋጀችም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መምህሯ በላፕቶፗ ጥሪውን ትከፍታለች። ከዚያ በስልኳ፣ ድምፅ ሳታገናኝ፣ እንደ ሌላ ተሳታፊ ትገባለች። ስልኩ ከጠረጴዛው በላይ ወደ ታች እንዲያይ ይሰቀላል። ላፕቶፗ ላይ የስልኩን ምስል መርጣ «ስፖትላይት» ስትለው የሁሉም ተማሪ ስክሪን ላይ እጇ ጎልቶ ይወጣል። ላፕቶፕ ከሌለም ስልኩ ብቻውን ይበቃል፤ ፊቷ ባይታይ ምንም አይጎድልም።

መስቀያ መግዛት ግድ አይደለም። ሁለት ወንበር ጀርባ ላይ ጣውላ ወይም የቀርከሃ ዘንግ አጋድሞ ስልኩን በላስቲክ ማሰር ይቻላል፤ ካፋ ቀርከሃ አያጣም። ዋናው ስልኩ እንዳይወዛወዝና የኋላው ካሜራ እንዲሠራ ነው፤ በአብዛኛው ስልክ ላይ ከፊተኛው ይልቅ የኋላው ይጠራል። አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ የስልኩ አቅጣጫ። ምስሉ መምህሯ ራሷ ከምታይበት ወገን መታየት አለበት። ያኔ ተማሪዋ የምታየው ከፊት ለፊቷ የተቀመጠች ሴት እጅ ሳይሆን ልክ የራሷ እጅ እንደሆነ አድርጋ ነው። ቀኝና ግራ አይምታታም፤ የእጅጌው ፓተርን ተገልብጦ አይቆረጥም።

ብርሃኑ ከመስኮት በጎን ይምጣ። በቀኝ እጇ የምትሠራ መምህር መስኮቱን በግራዋ ታድርገው፤ አለበለዚያ የራሷ እጅ ጥላ ስፌቱ ላይ ይወድቃል። ነጭ ጨርቅ በጠቆር ያለ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ። ማስተማሪያው ክርም ከጨርቁ ቀለም ይለይ፤ በነጭ ጨርቅ ላይ በነጭ ክር የተሰፋ ስፌት በቪዲዮ ጥሪ ጨርሶ አይታይም። ቀይ ክር ለውበት ሳይሆን ለትምህርት ነው። ስለ ቀለም ግን ካሜራውን ብዙ አትመኑት። የጥለቱ አረንጓዴ በአንዱ ስልክ ሰማያዊ፣ በሌላው ግራጫ ሊመስል ይችላል። ቀለም ማዋሐድ በሚማሩበት ሳምንት መምህሯ ትንንሽ የጨርቅ ቁራጮችን ቁጥር ጽፋባቸው አስቀድማ በአውቶቡስ ብትልክ፣ «ሦስተኛውን ከሰባተኛው አጠገብ አድርጉት» ብላ ማስተማር ትችላለች። ለዚህ የሚሆን ሶፍትዌር እስካሁን አላየሁም።

ወደ ተማሪዋ ሥራ እንምጣ። ብዙ ክፍሎች የሚደክሙት እዚህ ጋ ነው። ተማሪዋ የሰፋችውን ወደ ካሜራው ታነሣዋለች፣ ይወዛወዛል፣ ይደበዝዛል፣ መምህሯ «ጎበዝ፣ ጥሩ ነው» ብላ ታልፋለች። ጥሩ መሆኑን ግን አላየችውም። ይህን የሚተካ ቀላል ዘዴ አለ። ተማሪዎቹ ከጥሪው በፊት ሥራቸውን በቀን ብርሃን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ከጎኑ የልብስ ሰፊ ሜትር አድርገው ከላይ ፎቶ ያነሡታል። ሜትሩ መኖሩ መምህሯ የስፌቱን ስፋት እንድታነብ ያስችላታል። ፎቶዎቹ በቴሌግራም ይደርሷታል። በጥሪው ላይ እያንዳንዱን ፎቶ በላፕቶፗ ከፍታ ስክሪኗን ታጋራና በቀይ እያሰመረች ትናገራለች። ለእያንዳንዱ ሥራ አምስት ደቂቃ። ስድስት ተማሪ ቢኖር ግማሽ ሰዓት ነው፤ ሁሉም የሁሉንም ስህተት ያያል። ለዚህም ነው ለእጅ ሥራ ከስድስት እስከ ስምንት ተማሪ ይበቃል የምለው። ሃያ ተማሪ ሰብስቦ የሚያስተምር ሰው ክፍያውን እንጂ ስፌቱን ለማየት ጊዜ የለውም።

ዲዛይን ሲባል ልብስ ብቻ አይደለም። ወንድምዬው ግራፊክስ መማር ቢፈልግ የቪዲዮ ጥሪ ለእሱ ይበልጥ ይቀናዋል፤ ሥራው ከመነሻውም በስክሪን ላይ ነውና። በካፋ ደግሞ መለማመጃ አይጠፋም። የቡና መገኛ በሆነ አገር ስንቱ ቡና፣ ስንቱ ማር፣ ስንቱ ኮረሪማ ስም በሌለው ከረጢትና ጣሳ ወጥቶ ይሸጣል። አንድ የማር ማሰሮ መለያ መንደፍ፣ ስሙን በአማርኛ ፊደልም በላቲን በሚጻፈው በካፊኖኖም አስማምቶ ማስቀመጥ ለአንድ ወር የሚበቃ የቤት ሥራ ነው። ለእሱ የምመክረው ትምህርቱን በስልክ፣ ሥራውን በላፕቶፕ እንዲያደርግ ነው። በአንዱ ስክሪን ላይ ሁለቱንም ልሥራ ያለ ተማሪ ቁልፍ ሲፈልግ መምህሩ ያልፈዋል። መምህሩም ተማሪው በስልክ እንደሚያየው አስቦ የሚያሳየውን ቦታ ያጉላው። ስክሪን ሲያጋራ «ኦፕቲማይዝ ፎር ቪዲዮ» የሚለውን አይምረጥ፤ እሱ ለፊልም እንጂ ለፊደል አይሆንም፣ ጽሑፉን ያደበዝዘዋል። ካንቫና ፊግማ በኢንተርኔት ስለሚሠሩ መምህሩ የተማሪውን ሥራ በቀጥታ ከፍቶ ሊያርም ይችላል።

7:00 ማለት ስንት ሰዓት ነው?

ዙም የሚልከው የግብዣ መልእክት «7:00 ፒኤም» ይላል። እኛ ዘንድ 7 ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው። ተማሪዋ በ7 ሰዓት ቀን ላፕቶፗን ከፍታ ትጠብቃለች፤ መምህሯ ግን የምትገባው ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ይህ ቀልድ ይመስላል፤ ግን የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት በየቦታው የሚያበላሸው እሱ ነው። መፍትሔው ግብዣውን እንዳለ አለመላክ ነው። ሊንኩን ብቻ ቀድተው በቴሌግራም ግሩፑ ላይ «ማክሰኞ፣ ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት» ብለው በእጅዎ ይጻፉ። ቀኑም በእኛው አቆጣጠር ይሁን። መተግበሪያው ውስጥ ደግሞ የሰዓት ቀጠናው «ጂኤምቲ+3» መሆኑን አንድ ጊዜ ማረጋገጥ ነው።

መምህሯ ውጭ አገር ያለች የአገር ልጅ ከሆነች ሌላ ነገር ይጨመራል። እኛ ሰዓታችንን አንቀይርም፤ አሜሪካኖች ግን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በማርችና በኖቬምበር፣ ሰዓታቸውን ያዞራሉ። ዋሽንግተን በበጋቸው ከእኛ ሰባት ሰዓት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ቦንጋ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚጀመረው ትምህርት ለእሷ በኦክቶበር ከቀኑ 1፡00፣ በዲሴምበር ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ይሆናል ማለት ነው። ትምህርቱ በማን ሰዓት እንደሚጸና ከወዲሁ መነጋገር ያስፈልጋል፤ የቦንጋው ሰዓት ቢጸና ይሻላል፣ ብዙዎቹ እዚህ ናቸውና።

ልኬት፣ ካሜራና ቅጂ

አሁን ደግሞ እንደ ወላጅ እናውራ። የልብስ ዲዛይን ትምህርት ሰውነት መለካት አለበት፤ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ። ይህ በቪዲዮ ጥሪ፣ ያውም እየተቀዳ የሚታይ ነገር አይደለም። ልኬት የሚማሩበት ቀን በልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ላይ፣ ከሌለም ጃኬት ለብሶ በላዩ ላይ መለማመድ ይቻላል። የተለካው ቁጥርም በጋራው ግሩፕ ላይ ከነስም አይለጠፍ። አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ የወገቧ ልክ ለሠፈር መነጋገሪያ እንዲሆን አትፈልግም።

መቅዳት ጥሩ ነው፤ ኔትወርክ የቆረጠባት ልጅ በኋላ ታየዋለች። ነፃው ዙም የሚቀዳው በኮምፒውተር ላይ እንጂ በስልክ አይደለም፤ ስለዚህ ቅጂው ከመምህሯ ላፕቶፕ ወጥቶ ማን ጋ እንደሚሄድ ከመጀመሪያው ቀን ይታወቅ። እኔ ብሆን የመምህሯ እጅ የሚታይበት ክፍል ብቻ ይቀዳ፣ የተማሪዎች ሥራ የሚታይበትና የሚታረምበት ግማሽ አይቀዳ እላለሁ። ሥራዋ ሲነቀፍ ለዘላለም እንደሚቀመጥ የምታውቅ ልጅ ደካማ ሥራዋን አታሳይም፤ ያላሳየችውን ደግሞ ማንም አያርምላትም።

የመግቢያ ሊንኩም እንደ ቤት ቁልፍ ይታይ። «ዌይቲንግ ሩም» የሚለው ሲከፈት የሚገባው ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ተማሪዎች በትክክለኛ ስማቸው ካልገቡ መምህሯ አታስገባቸው። «ጋላክሲ ኤ10» የሚባል ተማሪ የላትምና። ስክሪን የማጋራት ፈቃድ ለመምህሯ ብቻ ይሁን።

መብራት ሲሄድ

መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል፤ ስልክ ግን ይሠራል። ላፕቶፑ ከጥሪው በፊት ሙሉ ቻርጅ ይሁን፤ ለኢንተርኔቱ የአንዷ ተማሪ ስልክ ሆትስፖት ተዘጋጅቶ ይጠብቅ፣ ፓወር ባንክም ከጎኑ ይኑር። የመምህሯ መብራት ከሄደ ደግሞ ማንም አይበተን፤ አሥር ደቂቃ ጠብቀው የጀመሩትን በእጃቸው ይቀጥሉ፣ እሷም በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ትልካለች። ይህ በመጀመሪያው ቀን ከተነገረ መቋረጥ ለእረፍት ሰበብ አይሆንም።

የመጀመሪያው ትምህርት በፊት ባለው ቀን አሥር ደቂቃ ለሙከራ ይመድቡ፤ በዚያው ሳሎን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ስልክ። ተማሪዎቹ ማይክ መዝጋትና መክፈት፣ በስክሪኑ ላይ ማስመርና በቻት መጻፍ ይሞክሩ። ቁልፎቹ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ታናናሾቹን ታላላቆቹ ያሳዩ። በመጨረሻ መምህሯ በስልኩ ካሜራ ሥር የልብስ ሰፊ ሜትሯን ትዘርጋና ጣቷን በአንዱ ቁጥር ላይ ታሳርፍ። ቦንጋ ያለችው ተማሪ ሴንቲ ሜትሩን ከነግማሹ አንብባ ከነገረቻት ክፍሉ ዝግጁ ነው፤ ካላነበበችው ስልኩ አንድ ስንዝር ዝቅ ይበል።